ሰልፉ ረዘመ ማለት ማን አሸነፈ ማለት ነው?

እስኪ ከራሴ ስህተት ልጀምር። በሌላ ሰው ስህተት አብረን ከመሳቃችን በፊት በኔ ብትስቁ ይሻላል።

ጊዜው ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 2024። አትላንታ የምትኖረው አክስቴ ድምፅ ሰጥታ ስትወጣ ራሷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ደረቷ ላይ የኮክ ፍሬ ሥዕል ያለበት ስቲከር ለጥፋለች፤ በጆርጂያ ድምፅ የሰጠ ሰው የሚታደለው እሱን ነው። ከፎቶው ተከትሎ የድምፅ መልእክት መጣ። «እሙዬ፣ ሰልፉን ብታዪው! እኔ እንዲህ ያለ ሰልፍ ያየሁት በዘጠና ሰባት ነው። በቃ፣ ያለቀለት ነገር ነው!»

አክስቴ ለማን እንደሰጠች አልነገረችኝም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ቀኑ በጆርጂያ የቅድመ ምርጫ ድምፅ መስጠት የተጀመረበት ነበር። በዚያ አንድ ቀን ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ድምፁን ሰጠ። ከዚያ በፊት የመጀመሪያ ቀን ክብረ ወሰን 136 ሺህ ገደማ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ለአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም የውጭ ዜና እያዘጋጀሁ ነበር (የጣቢያውን ስም ልተወው፣ ጥፋቱ የኔ ነው)። ቁጥሩን አየሁ፣ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩና እንዲህ አልኩ፦ «ሕዝቡ በዚህ ብዛት መውጣቱ ካማላ ሐሪስ ጆርጂያን እንደምትወስድ የሚያሳይ ነው።» «ሊያሳይ ይችላል» እንኳን አላልኩም። ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አራት ዓመት «እንደሚባለው»፣ «ሊሆን ይችላል» ስል ከርሜ፣ የሚያስፈልገኝ ቀን ላይ ጠፋብኝ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ዶናልድ ትራምፕ ጆርጂያን በ115 ሺህ ያህል ድምፅ አሸነፈ። በማግስቱ አንድ አድማጭ ደወለና በጣም በትሕትና፣ «እህቴ፣ ያቺ ሰልፍ ወዴት ደረሰች?» ብሎ ጠየቀኝ። ስቱዲዮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ቤቴ ገብቼ አልተኛሁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሲከነክነኝ ኖረ። ቀድሞ ከተሰጠ ድምፅ ተነስቶ የምርጫን ውጤት መናገር ይቻላል ወይ? ማን ጀመረው? ማንን አሳፈረ? ወደኋላ ስሄድ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አየሁና ትንሽ ተጽናናሁ። ከኔ በፊት ታላላቅ ሰዎች ተሳስተዋል፣ አንድ ታዋቂ መጽሔትም ዘግቷል። (ከዚህ በታች የአሜሪካኖቹ ዓመታት በነሱው አቆጣጠር ናቸው፤ የኛው በኛው።)

መጀመሪያ ነገር፣ አሜሪካኖች ሁሌም በአንድ ቀን አልመረጡም። እስከ 1845 ድረስ እያንዳንዱ ግዛት በ34 ቀን ውስጥ የፈለገውን ቀን መርጦ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡ ተወካዮቹን ያስመርጥ ነበር። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ገና ይጀምራል። ታዲያ ሁለት ችግር መጣ። አንደኛው፣ እዚህ የመረጠ ሰው ድንበር ተሻግሮ እዚያም ይመርጣል ተብሎ ተፈራ። ሁለተኛው ለኔ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል፤ ቀድሞ የመረጠው ግዛት ውጤት ዘግይቶ የሚመርጠውን ልብ ይሰብራል ወይም ያሳብጣል። ኮንግረሱ በ1845 ባወጣው ሕግ የፕሬዝዳንት ምርጫ ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ፣ በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን እንዲሆን ወሰነ። እስከ ዛሬ ያለው ማክሰኞ ያ ነው።

ሕጉ ግን የፕሬዝዳንቱን ብቻ ነበር የገዛው። ግዛቶቹ አገረ ገዥዎቻቸውንና ምክር ቤቶቻቸውን በፈለጉት ቀን ማስመረጣቸውን ቀጠሉ። ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ፔንሲልቬኒያ በኦክቶበር ይመርጡ ነበር። በ1864፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ አብርሃም ሊንከን የኢንዲያናን የኦክቶበር ምርጫ ፈርቶ ለጄኔራል ሼርማን ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሷል። ኢንዲያና ወታደሮቿ ከጦር ሜዳ ሆነው እንዲመርጡ አትፈቅድም ነበርና፣ የሚቻል ከሆነ ወታደሮቹ ሄደው መርጠው ይመለሱ ነው የጠየቀው። የኦክቶበሩ ውጤት የኖቬምበሩን ያበላሻል ብሎ የሰጋ ፕሬዝዳንት! (በነገራችን ላይ የወታደሮቹ ድምፅ ተለይቶ በተቆጠረባቸው ቦታዎች ከአራት ሦስት እጁ በላይ ለሊንከን ነበር።)

ቀድማ በመምረጥ ይበልጥ የታወቀችው ግን ሜይን ነበረች። ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ ያለች፣ ብርዳም፣ ብዙ ሕዝብ የሌላት ግዛት። ምርጫዋ በሴፕቴምበር ነው። ከፕሬዝዳንቱ ምርጫ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብላ አገረ ገዥዋን ስለምትመርጥ፣ «ሜይን በሄደችበት አገሩም ይሄዳል» የሚል አባባል ወጣላት። ነገሩ የጀመረው በ1840 ነው፤ ሜይን በሴፕቴምበር የዊግ ፓርቲውን ሰው አገረ ገዥ አድርጋ መረጠች፣ በኋላም የዊጉ ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን ፕሬዝዳንት ሆነ። ከዚያ በኋላ ፖለቲከኛ ሁሉ በየአራት ዓመቱ ዓይኑን ሜይን ላይ ይተክላል። የሻይ ቅጠል ወይም የቡና አተላ ማንበብ በሉት፤ እነሱ ግን ሳይንስ ነው ብለው ነበር የሚያምኑት።

ሳይንሱ ቶሎ ነው የተንገዳገደው። በ1880 ሜይን በሴፕቴምበር የሪፐብሊካኑን አገረ ገዥ በጥቂት ድምፅ ጣለች፤ ዴሞክራቶች ጨፈሩ። በኖቬምበር ግን የሪፐብሊካኑ ጄምስ ጋርፊልድ አሸነፈ፣ ሜይንን ራሷን ጭምር ወሰደ። ሆኖም አባባል አንዴ አፍ ከለመደ አንድ ስህተት አይገድለውም። ሌላ ሃምሳ ዓመት ኖረ።

የገደለው 1936 ነው። ይህቺን ዓመት በደንብ እንያት፤ ለኔ ነገሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ናት። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሁለተኛ ዘመኑን ይፈልጋል፤ ተቀናቃኙ የካንሳሱ አገረ ገዥ አልፍ ላንደን ነው። በሴፕቴምበር ሜይን መረጠች፤ ሪፐብሊካኑ ሉዊስ ባሮውስ አገረ ገዥ ሆነ። የላንደን ሰዎች የድሮውን አባባል እንደ ባንዲራ አነሱት። ሜይን ተናግራለች!

ሜይን ብቻ አልነበረችም። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የሚባል ተነባቢ መጽሔት ነበር፤ በየምርጫው ለሰዉ የድምፅ መስጫ ካርድ በፖስታ እየላከ ማን እንደሚያሸንፍ ይናገራል። በ1932 ጨምሮ በተከታታይ ትክክል ሆኖለታል። በ1936 10 ሚሊዮን ካርድ ላከ። 2.4 ሚሊዮን ያህሉ ተሞልቶ ተመለሰለት። እስኪ አስቡት፤ 2.4 ሚሊዮን ሰው! መጽሔቱ በኩራት ላንደን በሰፊው ያሸንፋል አለ። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋሎፕ የሚባል ወጣት ወደ 50 ሺህ የሚሆኑ ሰዎችን ብቻ አስጠይቆ የለም፣ ሩዝቬልት ነው የሚያሸንፈው አለ። ሳቁበት።

ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። በኤሌክቶራል ኮሌጅ 523 ለ8። ላንደን ያገኘው ሁለት ግዛት ብቻ ነው፤ ሜይንና ጎረቤቷን ቨርሞንትን። የሩዝቬልት የምርጫ ዘመቻ መሪ የነበረው ጄምስ ፋርሊም የድሮዋን አባባል ገልብጦ፣ ሜይን በሄደችበት ቨርሞንትም ይሄዳል ብሎ ቀለደባት። መጽሔቱ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። ሜይን ግን በቀልድ ብትሞትም በሴፕቴምበር መምረጧን እስከ 1958 ቀጠለች።

2.4 ሚሊዮን ሰው እንዴት ይሳሳታል? ሁሌም የሚሰጠው መልስ፣ መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ስለነበረ፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ደግሞ ሀብታም ስለነበረ ነው የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የሚናገረው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ካርዱ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል ራሱ ሞልተው የመለሱት ይበልጥ ሩዝቬልትን የጠሉት ናቸው። የተናደደ ሰው ፖስታ ቤት ይሄዳል። የረካ ሰው ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ምርጫው ቀን ይጠብቃል።

ይህን ሳነብ አትላንታን አስታወስኩ። ማን ቀድሞ እንደመጣ አይተናል። ለምን ቀድሞ እንደመጣና ማን ገና እንዳልመጣ ግን ሰልፉ አይነግረንም።

አሁን ወደ ዘመናዊው ቅድመ ምርጫ እንምጣ። ድሮ በፖስታ ለመምረጥ ምክንያት ማቅረብ ግድ ነበር፤ ታምሜያለሁ፣ መንገደኛ ነኝ፣ ወታደር ነኝ። ካሊፎርኒያ በ1978 ያለ ምንም ምክንያት በፖስታ መምረጥን ፈቀደች። ቴክሳስ በ1980ዎቹ መጨረሻ በአካል ቀድሞ መምረጥን አመጣች። ኦሪገን በ1998 በሕዝብ ውሳኔ ምርጫዋን ጠቅልላ በፖስታ አደረገችው። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉ። ይህን በፍጥነት ያለፍኩት ካሊፎርኒያ ላይ መቆም ስለፈለግኩ ነው።

በ1982 የሎስ አንጀለሱ ከንቲባ ቶም ብራድሊ ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት ተወዳደረ። ጥቁር ነው፤ ቢያሸንፍ በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥ ይሆን ነበር። ተቀናቃኙ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ዱክሜጂያን ነው። በምርጫው ምሽት፣ ከድምፅ መስጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎችን በመጠየቅ ስሙ የገነነው ሜርቪን ፊልድ ብራድሊ እንደሚያሸንፍ ተናገረ። ድሉን በርዕስ ይዞ የወጣ ጋዜጣም ነበር። የብራድሊ ደጋፊዎች ሆቴል ውስጥ እየጨፈሩ ነው።

ሲነጋ ብራድሊ ተሸንፏል። በ93 ሺህ ገደማ ድምፅ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት።

ከዚህ ሽንፈት «የብራድሊ ውጤት» የሚባል ዝነኛ ንድፈ ሐሳብ ወጣ፤ ነጮች ለጠያቂው ጥቁሩን እመርጣለሁ እያሉ ዋሽተው፣ መጋረጃው ውስጥ ሲገቡ ሌላውን መረጡ የሚል። በ2008 ባራክ ኦባማ ሲወዳደር ይኸው ነገር በየቀኑ ይወራ እንደነበር ጋዜጦቹ ይመሰክራሉ። የተወሰነ እውነት አይኖረውም አልልም። ነገር ግን አንድ ቀላል ቁጥር አለ፦ ያን ዕለት ጣቢያ ሄደው ከመረጡት ሰዎች ዘንድ ያሸነፈው ብራድሊ ነው። ማለትም ፊልድ በር ላይ ቆሞ የጠየቃቸው ሰዎች በአብዛኛው አልዋሹትም። የጣለው በሩ ላይ ያልነበረው ሰው ነው። ሪፐብሊካኖች በዚያ ዓመት ለደጋፊዎቻቸው በፖስታ የመምረጫ ማመልከቻ በብዛት ልከው ነበር። ሰዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ከሳምንት በፊት፣ ቡናቸውን እየጠጡ መርጠዋል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ኮሮጆው ውስጥ ግን ቀድመው ገብተዋል።

በሰሜን ካሮላይና በ2008 የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ኦባማ በምርጫው ዕለት በተሰጠው ድምፅ ተበልጦ፣ ቀድሞ በተሰጠው ድምፅ ግዛቱን በ14,177 ድምፅ ብቻ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በጋዜጠኞች ዘንድ «ቅድመ ምርጫ የዴሞክራት ነው» የሚል እምነት ሰፈነ። በ2012 በዚያው ግዛት ዴሞክራቶች በቅድመ ምርጫው ቀድመው በኋላ ተሸነፉ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ላይም ያው ደረሰ። ሜይን በሄደችበት…

እስኪ እዚህ ላይ ቆም ብዬ፣ እነዚህ የቅድመ ምርጫ ቁጥሮች የሚባሉት ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ። እኔ ራሴ ሬዲዮ ላይ ስናገር አላውቅም ነበር።

የምርጫ ቢሮዎቹ ከምርጫው ቀን በፊት ኮሮጆ ከፍተው ውጤት አይናገሩም። የሚያወጡት ማን እንደመረጠ ነው፤ ማንን እንደመረጠ አይደለም። በአማርኛ በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት «ን» ናት። ስንት ትንበያ ያቺን «ን» ሲዘል ወድቆ ተሰበረ! ኔቫዳ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ፔንሲልቬኒያ በመሳሰሉት ሰው ሲመዘገብ ፓርቲውን ስለሚናገር፣ «ዛሬ ይህን ያህል ዴሞክራት፣ ይህን ያህል ሪፐብሊካን መረጠ» ማለት ይቻላል። የተመዘገበ ዴሞክራት ግን ሪፐብሊካን ሊመርጥ ይችላል፤ ፓርቲ የሌለው ደግሞ እግዜር ይወቀው። ጆርጂያና ቨርጂኒያ ውስጥ ጭራሽ በፓርቲ አይመዘገብም። ጆርጂያ የመራጩን ዘር፣ ዕድሜና ፆታ ትመዘግባለች፤ ተንታኙ ከዚያ ተነስቶ «ይህቺ ጥቁር ሴት ናት፣ ስለዚህ…» እያለ ይገምታል። እኔም በአክስቴ ያደረግኩት ያንኑ ነው።

በዚህ ሥራ ስሙ የተከበረው የኔቫዳው ጋዜጠኛ ጆን ራልስተን ነው። ሰውየው የቅድመ ምርጫውን ቁጥር በየዕለቱ ይተነትናል። በ2010 የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ሴናተር ሃሪ ሪድ ይሸነፋል ሲሉ፣ እሱ ያሸንፋል አለ፤ ሪድ አሸነፈ። በ2016ም ክሊንተን ኔቫዳን እንደምትወስድ ከቁጥሩ አንብቦ ልክ ሆነ። ለምን እዚያ ሠራ? አንደኛ፣ አብዛኛው የኔቫዳ ሰው ቀድሞ ነው የሚመርጠው፤ ለምርጫው ዕለት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ከግዛቱ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚኖረው ላስ ቬጋስ ባለችበት ክላርክ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ የኛም ሰዎች ታክሲ የሚነዱት፣ ካዚኖ የሚሠሩት እዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ራልስተን ሰፈሩን ያውቀዋል። ቁጥሩን ካለፉት ምርጫዎች ጋር ያመሳክራል እንጂ «ብዙ ነው» ብሎ አይደነግጥም።

እሱም ግን በ2024 ተሳሳተ። በዚያ ዓመት በኔቫዳ በቅድመ ምርጫው የመሩት ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ ያልተለመደ ነገር። ራልስተን ፓርቲ የሌላቸው መራጮች ሚዛኑን ይመልሱታል ብሎ ገምቶ፣ ሐሪስ በ0.3 በመቶ ታሸንፋለች አለ። ትራምፕ በ3.1 በመቶ አሸነፈ። የሚገርመው፣ ቁጥሮቹ አልዋሹትም ነበር። እሱ ነው በመጨረሻው ሰዓት ያላመናቸው። ይህን ማለቴ ለመውቀስ አይደለም፤ ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን ያየ ሰው ቁጥር ለማመን ቢቸገር አይፈረድበትም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2020፣ ወረርሽኙ ነበር። ከ100 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ ከምርጫው ዕለት በፊት መረጠ። ትራምፕ በፖስታ መምረጥ ማጭበርበር ነው እያለ ስለሰበከ ደጋፊዎቹ ማክሰኞን ጠበቁ፤ ዴሞክራቶች ፖስታ ላኩ። የፔንሲልቬኒያ ሕግ ደግሞ የፖስታው ድምፅ ከምርጫው ዕለት ጠዋት በፊት እንዳይነካ ይከለክላል። እናም ቀድሞ የተሰጠው ድምፅ ዘግይቶ ተቆጠረ። ማክሰኞ ሌሊት ትራምፕ በፔንሲልቬኒያ ከ600 ሺህ በላይ ድምፅ እየመራ ነበር፤ በዚያው ሌሊት ወጥቶ አሸንፌያለሁ አለ። ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ልዩነቱ ጠበበ፣ ጠበበ፣ ቅዳሜ ጆ ባይደን ማሸነፉ ታወጀ። በመጨረሻ በፔንሲልቬኒያ የባይደን ብልጫ 80,555 ሆነ።

ድምፁ ሁሉ ማክሰኞ ማታ ኮሮጆ ውስጥ ነበር። የቀረው መቁጠር ብቻ ነው። ነገር ግን ሚሊዮኖች በቴሌቪዥን ያዩት «ሲመራ የነበረ ሰው ሌሊት ተዘረፈ» የሚል ፊልም ሆነ። ይህ እንደሚሆን ባለሙያዎች ከወራት በፊት አስጠንቅቀው ነበር፤ የሰማቸው የለም። በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ኮንግረሱን ሰብሮ የገባው ሕዝብ በዚያ ፊልም ያመነ ሕዝብ ነው።

በ2024 ትራምፕ ሐሳቡን ለወጠ፤ ደጋፊዎቹን ቀድማችሁ ምረጡ አለ። እነሱም ሰሙት። እኔ አትላንታ ላይ ያየሁት ሰልፍ ውስጥ፣ በ2020 ማክሰኞን ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ገብተውበት ነበር። አዲስ መራጭ መስለውኝ ነበር። የነገውን እንጀራ ዛሬ ከመሶብ ቆርሰው ነው፤ መሶቡ አልጨመረም። በጆርጂያ ከ5.2 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ድምፅ 4 ሚሊዮኑ ቀድሞ የገባ ነበር። ልጠይቀው ይገባ የነበረው ጥያቄ «ስንት ሰው መጣ?» አልነበረም፤ «ከዚህ ውስጥ ባለፈው ጊዜ ጭራሽ ያልመረጠው ስንቱ ነው?» የሚለው ነበር። የፓርቲዎቹ የዘመቻ ቢሮዎች የሚያዩት ያንን ነው። ሁሌም የሚመርጥ ሰው ቀድሞ ሲመርጥ ስሙን ከሚደወልላቸው ዝርዝር ይሰርዙታል፤ ተጨማሪ ድምፅ አድርገው አይቆጥሩትም።

የኛን ሰዎች የሚነካ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2021 ቨርጂኒያ አገረ ገዥ ስትመርጥ፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የባይደን መንግሥት በያዘው አቋም የተቆጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ማኅበራት ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ መረጠ፤ ተንታኞች ይህ ለዴሞክራቱ ቴሪ ማኮሊፍ ጥሩ ነው አሉ። ያንግኪን በ63 ሺህ ያህል ድምፅ አሸነፈ። በማግስቱ የኛ ፌስቡክ «እኛ ነን ያስመረጥነው!» በሚል ተጥለቀለቀ። ደስታው ይገባኛል። ግን የቨርጂኒያ የመራጮች መዝገብ ፓርቲም አይጽፍም፣ አበሻ መሆንንም አይጽፍም። ዴሞክራቱ ተንታኝና የኛው ፌስቡከኛ አንድ ዓይነት ሰዎች ሆነው ታዩኝ፤ ሁለቱም ሰልፍ አይተው ልብ አነበቡ።

አሁን አክስቴ ወደ ጠቀሰችው ዘጠና ሰባት ልመለስ። እሷ ባትጠቅሰው ኖሮ ባላነሳሁት ነበር፤ ቀላል ነገር አይደለም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባዬ ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ደርቦ መውጣቱን አስታውሳለሁ። እማዬ ረፋዱ ላይ በፔርሙስ ሻይ አስይዛ ላከችኝ፤ ሰልፉ የቀበሌውን አጥር ዞሮ አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ነበር። አባዬን ፈልጌ ሳገኘው ከፊቱና ከኋላው ካሉት የማያውቃቸው ሰዎች ጋር እንደ ወንድም እያወራ ነው። ያንን ሻይ አምስት ሰው ተካፈለው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ውጤቱን ያወቀው ከሬዲዮ አልነበረም፤ ከሰልፉ ርዝመት ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለለውጥ ካልሆነ ለምን ይወጣል?

ለአዲስ አበባ ሰልፉ እውነቱን ነበር የተናገረው። ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። መጀመሪያ የተሰማውም ውጤት የአዲስ አበባው ነበር። ፓርላማው ግን 547 ወንበር ነው ያለው። የኛ ሰፈር ሰው 23ቱን አይቶ 524ቱን አነበበ። ቆይቶ ይፋ የሆነው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 የሚል ነበር።

ይህን ስጽፍ ልቤ እየፈራ ነው፤ «ስለዚህ ቆጠራው ልክ ነበር ማለትሽ ነው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አላልኩም። ተቃዋሚዎቹ ድምፃችን ተሰርቋል አሉ፣ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም ሂደቱን ክፉኛ ተችተዋል። የኔ ነገር ሌላ ነው፤ ሰልፉ ይህን ጥያቄ በአንዱም በኩል ሊመልስ አይችልም። ገጠር ውስጥ ማን እንደመረጠና እንዴት እንደተቆጠረ የሚያሳየው የእያንዳንዱ ጣቢያ የቆጠራ ወረቀት ነው፤ የአባዬ ሰልፍ አይደለም። እኛ ግን በሰልፉ ርግጠኞች ሆንን። ውጤቱ ሲዘገይ ያ ርግጠኝነት ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ መንግሥት ደግሞ ቁጣውን በጥይት መለሰው። በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 የሆነውን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን መዝግቧል። ሻዩን ከተካፈሉት አምስት ሰዎች የአንዱ ልጅ ታስሮ ዝዋይ ከርሞ መጥቷል። አባዬ እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ የሚያነሳው ሰልፉን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አያወራም።

ባለፈው ሰሞን ከአክስቴ ጋር ስናወራ ይህን ጽሑፍ እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኳት። «ባንቺ የተነሳ ነው ሬዲዮ ላይ የተዋረድኩት» ብዬ ቀለድኩባት። ትንሽ ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፦

«እሙዬ፣ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ እኮ በር ላይ ሲደርስ ኮፍያህን አውልቅ ብለውት ኪሱ ውስጥ ሲከተው አይቻለሁ። በሕጉ የቅስቀሳ ነገር ለብሶ መግባት ክልክል ነው።»

«ምን ዓይነት ኮፍያ?»

«ቀይ ነዋ! አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ልጆቹ ሲያጫውተኝ ነበር። አልነገርኩሽም?»